ምዕራፍ ሰባት፦ ከቀለሙ በፊት አካሄዱን

«ቡናማ ነው። ክንድ ተኩል ይሆናል። መርዛማ ነው?»

ከመካነ ሰላም እስከ አጅባር፣ ከቱሉ አውሊያ እስከ ማሻ ስለ እባብ ጨዋታ ከተነሣ ጥያቄው በአብዛኛው የሚመጣው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ቀለም፣ ቀጥሎ ርዝመት፣ ወዲያው ፍርድ። ጠያቂው ያየውን በእውነት ነው የሚናገረው፤ ግን ከነገረን ነገር መልስ አይወጣም። በሀገራችን ቡናማ ኮብራ አለ፤ ቡናማ የቤት እባብም አለ። አንደኛው ሰው ይገድላል፤ ሌላው አይጥ አድኖ ከመብላት በቀር በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የለም። ርዝመቱን ደግሞ ተዉት፤ በድንጋጤ የተለካ እባብ ሁልጊዜ ይረዝማል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

በኢትዮጵያ ከ80 በላይ የእባብ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። በዓለም ያሉት 4000 ገደማ ይሆናሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ለሰው ጤና የሚያሰጉት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። ታዲያ አንድ ገበሬ፣ አንድ መምህር ወይም አንዲት እረኛ ከእነዚያ ሁሉ መካከል ፊቱ ያለውን እንዴት ይለያል? የዚህ ምዕራፍ መልስ አንድ ነው። እባብን ከቦታው፣ ከሰዓቱና ከአካሄዱ ተነሥተን እንለየዋለን፤ ቀለሙ የሚጠራው በመጨረሻ ነው፣ እሱም ቢሆን ብቻውን አይታመንም።

የገበያው መንገደኛ

በገበያ ቀን ማለዳ ከአምባ ጠርዝ ላይ የተቀመጡ አዛውንት ከማዶ ተረተር የሚወርደውን መንገደኛ በየስሙ ሲጠሩ ያልሰማ የገጠር ልጅ የለም። ፊት በማይለይበት ርቀት «ያ እገሌ ነው፤ አህያ የሚነዳው ደግሞ የእገሌ ልጅ» ይላሉ፤ አይስቱም። በጋቢው አይደለም የለዩት፤ ነጭ ጋቢ የማይለብስ ማን አለ? መጀመሪያ የመጣበትን መንገድ ያያሉ፤ በዚያ ቁልቁለት የሚወርዱት የአንድ ጎጥ ሰዎች ናቸው። ሰዓቱን ያስተውላሉ፤ ጎሕ ሲቀድ የሚወጣና ረፋድ ላይ የሚወጣ ሰው አንድ አይደለም። ከዚያ አረማመዱን፣ ዱላውን የያዘበትን አኳኋን፣ የትከሻውን ስፋት ይመለከታሉ። ሰውየው ቀርቦ ልብሱ ሲለይ ስሙ አስቀድሞ ታውቋል።

አዛውንቱ የሚያደርጉት ማጥበብ ነው። በመጀመሪያ መላው ወረዳ ነበር፤ መንገዱ ወደ አንድ ጎጥ አወረደው፤ ሰዓቱ ወደ አምስት ቤት፤ አረማመዱ ወደ አንድ ሰው። በእባብ ላይ የምንሠራው ሥራ ከዚህ አይለይም። ባለፈው ምዕራፍ ንስርንና ጥንብ አንሳን ላባቸውን ሳናይ በክንፋቸው አዘረጋግና በአበራረራቸው ስንለያቸው ይህንኑ ተለማምደናል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ሰማይ ላይ ያለው አሞራ ለማየት ጊዜ ይሰጣል፣ እባብ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታየው ለአምስትና ለስድስት ሰከንድ ነው። ስለዚህ ግማሹ ሥራ ከመታየቱ በፊት ማለቅ አለበት።

መንገዱ፦ ቆላ ነው ደጋ?

በምዕራፍ ሁለት እንዳየነው ተሳቢ እንስሳት የሰውነታቸውን ሙቀት የሚያገኙት ከውጭ፣ ከፀሐይና ከሞቀ ድንጋይ ነው። ይህ አንድ እውነት ብቻ የምዕራብ ደቡብ ወሎን የእባብ ካርታ ይስልልናል። ከአባይና ከበሸሎ ሸለቆ ወለል፣ ከ1500 ሜትር በታች ካለው በረሃ፣ ተነሥተን ወደ መካነ ሰላም ብንወጣ ከ2500 ሜትር በላይ እንደርሳለን። የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክን ይዘን፣ በደንቆሮ ጫካ በኩል ወደ አስታውና ወደ ጅብራው ከቀጠልን ከ3500 ሜትር በላይ ነን። በዚህ አቀበት ሁሉ ብርዱ ሲጨምር የእባብ ዓይነት ይቀንሳል። የቆላው ሙቀት ለኮብራ፣ ለእፉኝት፣ ወንዝ ዳር ላይ ደግሞ ለዘንዶ ይመቻል፤ ከደጋው ጫፍ ውርጩን ችለው የሚኖሩት ጥቂቶች ናቸው።

እነዚያ ጥቂቶች ግን የእኛው ናቸው። ሊቃውንት «ፕሴውዶቦዶን» ብለው የሰየሙት የእባብ ወገን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች በስተቀር በዓለም ላይ አይገኝም። ጭላዳ ዝንጀሮን ለማየት ከባሕር ማዶ የሚመጣ እንግዳ እንዳለ ሁሉ፣ እነዚህም የዚያኑ ያህል የዚህ ምድር ልዩ ሀብት ናቸው፤ ዕድላቸው ሆኖ ሰው ሲያገኛቸው የሚያነሣው ካሜራ ሳይሆን ድንጋይ ነው። ሌላው የደጋና የወይና ደጋ ነዋሪ ዱቤሪያ የሚባለው ትንሽ እባብ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ክንድ አያልፍም፤ የሚበላው ቀንድ አውጣና ዛጎል የሌለው ዘመዱን ነው፤ ማለትም የጎመን መደቡን የሚያበላሹትን። ሲነኩት አይነድፍም፤ ተጠቅልሎ ጭንቅላቱን ይደብቃል። የሚወልደውም ሕያው ግልገል ነው። በቀዝቃዛ አገር እንቁላልን አፈር ውስጥ ትቶ ከመሄድ ይልቅ በሆድ ተሸክሞ ፀሐይ መሞቅ ያዋጣል፤ የብዙ ብርዳማ አገር እባቦች ብልሃትም ይኸው ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው «አምባ ማርያም አናት ላይ፣ ከካቡ ሥር እባብ አየሁ» ቢለን ስለ ቀለሙ ሳንጠይቅ ብዙውን የቆላ ስም ከዝርዝራችን መሰረዝ እንችላለን። «አባይ ድልድይ አጠገብ» ቢለን ደግሞ መጠንቀቅ እንጀምራለን። ከሁለቱ መካከል ያለው ወይና ደጋ ግን አስቸጋሪው ነው፤ እዚያ ሁለቱም ይገናኛሉ። ፓፍ አደር የሚባለውን ወፍራም እፉኝት የመሰሉ አንዳንዶች ቆላውንም ወይና ደጋውንም ያውቁታል። ስለዚህ ቦታ ያጠብባል እንጂ አይፈርድም።

ሰዓቱ

በደጋ እባብ የሚወጣው ፀሐይ ድንጋዩን ካሞቀች በኋላ፣ ከረፋድ ጀምሮ ነው። ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ አብዛኛው በጉድጓዱ ያድራል። በቆላ ነገሩ ይገለበጣል፤ እኩለ ቀን ላይ መሬቱ ራሱ ስለሚያቃጥል ብዙዎቹ ማታ ይወጣሉ። ኮብራ በማታም በቀንም ሊታይ ይችላል፤ ፓፍ አደር ማምሻውን መንገድ ላይ መተኛት ይወዳል፤ ቀጭኑና ፈጣኑ የሣር እባብ የቀን ነው። ዝናብ የጀመረ ሰሞን ደግሞ ሁሉም ይንቀሳቀሳል፦ እንቁራሪቱም፣ አይጡም፣ እነሱን የሚከተለውም።

አካሄዱ

ከሁሉ በላይ የሚናገረው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

እባብ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሸሸ ወይስ ቆመ?» ነው። የሣር እባብ ከሆነ ይሸሻል፤ ያውም ዓይን እስኪስት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ብዙ ጊዜ በጀርባው በቁመት የሚሄድ መስመር ያለው፣ ዓይኑ ትልቅ ነው። ጥቂት ሮጦ ይቆማል፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይመለከታል፣ እንደገና ይጠፋል። ትንሽ መርዝ ቢኖረውም ለሰው የሚያሰጋ አይደለም። በወይና ደጋው ጠራራ ፀሐይ መንገድ አቋርጦ ሲከንፍ የታየ ቀጭን እባብ በአብዛኛው ከእነዚህ አንዱ ነው።

ፓፍ አደር አይሸሽም። አደኑ መጠበቅ ነው፤ አንድ ቦታ ተጋድሞ አይጥ እስክትመጣ ቀናት ሊያሳልፍ ይችላል። ሰው ሲቀርብም የሚተማመነው በመደበቁ ነው፤ ዝም ይላል። በደቡብ አፍሪካ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የሠለጠኑ ውሾች እንኳ ያለ እንቅስቃሴ የተኛ ፓፍ አደርን አሽትተው ማግኘት ተስኗቸዋል። በአፍሪካ ብዙ ሰው የሚነድፈውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ አሳዶ ሳይሆን ተረግጦ። ሲነቃም የራሱ ምልክት አለው፤ ሰውነቱን ይነፋና ከሩቅ የሚሰማ ረጅም ትንፋሽ ያወጣል። ሳይቸኩል ሲሄድ ደግሞ አይጠማዘዝም፤ የሆዱን ሰፋፊ ቅርፊቶች በየተራ መሬት እያስያዘ ቀጥ ብሎ ይሳባል። አቧራ ላይ የቀረ አንድ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ ዱካ ያየ ሰው እባቡን ሳያይ ስሙን ሊገምት ይችላል። ሰውነቱ አጭርና ወፍራም፣ ጅራቱ በድንገት የቀጠነ ነው። በአንጻሩ የሣር እባብ ከወገቡ እስከ ጅራቱ ጫፍ ቀስ በቀስ ነው የሚቀጥነው። ጀርባ ሲዞርባችሁ ጅራት ከጭንቅላት ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ኮብራ ሌላ ነው። መንገድ ካገኘ ይሸሻል። መንገድ ካጣ የፊት ሰውነቱን ከመሬት ያነሣል፣ የአንገቱን የጎድን አጥንቶች ዘርግቶ ያሰፋዋል። ይህን ያየ አይሳሳትም። ችግሩ ግን ሰው ኮብራ ሁልጊዜ አንገቱ ሰፊ ይመስለዋል። ሳይደነግጥ የሚሄድ ኮብራ አንገቱ እንደማንኛውም እባብ ነው፤ ለስላሳ፣ ረጅም፣ ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ፣ ምንም የሚያስፈራ መልክ የሌለው። በቆላዎቻችን መርዙን ወደ ዓይን የሚተፉም አሉ፤ እስከ ሁለትና ሦስት ሜትር ይደርሳሉ። መርዙ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ውኃ ማጠብ፣ ማጠብ፣ አሁንም ማጠብ ነው፤ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም መሄድ።

በመጨረሻ አስመሳዮቹ። እንቁላል ብቻ የሚበላ፣ ይህ ነው የሚባል ጥርስ የሌለው እባብ አለ፤ ከወፍ ጎጆ ወደ ወፍ ጎጆ ሲዞር የሚኖር። ሲነኩት ግን ይጠቀለላል፣ የጎኑን ሻካራ ቅርፊቶች እርስ በርስ እያፋተገ ይንሾካሾካል፣ አፉን ከፍቶ ይወረወራል፤ የሚኮርጀው በሞቃት ደረቅ ቆላ የሚኖረውንና በዚሁ ድምፅ የሚታወቀውን አደገኛ እፉኝት ነው። እንቁራሪት አዳኙ፣ ከንፈሩ ነጣ ያለው የሌሊት እባብም ጭንቅላቱን ለጥጦ ሦስት ማዕዘን ያደርገዋል። ሁለቱም ሰው አይጎዱም። ታዲያ አስመሳይ ካለ የአካሄድ ምስክርነት ከንቱ ነው? አይደለም፤ ግን ስሕተቱ ወዴት እንደሚያጋድል ልብ በሉ። እንቁላል በሊታውን እፉኝት ብሎ የሸሸ ሰው ምንም አይጎድልበትም።

ከሌላ አገር የመጡ ሁለት ሕጎች

በትምህርት ቤት ግድግዳና በስልክ መልእክት የሚዞሩ ሁለት ሕጎች አሉ። አንደኛው «ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ከሆነ መርዛማ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «የዓይኑ ብሌን ቀጥ ያለ ስንጥቅ ከሆነ መርዛማ ነው፣ ክብ ከሆነ ደህና ነው» ይላል። ሁለቱም ለአውሮፓ ሜዳ ይሠሩ ይሆናል፤ እዚያ ያለው መርዘኛ እባብ ከሞላ ጎደል እፉኝት ብቻ ነውና። እዚህ ሰው ያስገድላሉ።

ኮብራ ብሌኑ ክብ ነው፤ ጭንቅላቱም ሦስት ማዕዘን አይደለም። የሌሊት እፉኝት የሚባለው ወገንም፣ እፉኝት ሆኖ ሳለ፣ ብሌኑ ክብ ነው። በተቃራኒው ሰውን የማይጎዳው የቤት እባብ ዓይኑ ስንጥቅ ነው። ደግሞስ የእባብ ብሌን የሚታይበት ርቀት ላይ የደረሰ ሰው ሕጉን ለመጠቀም ዘግይቷል!

ለእነዚህ ሕጎች የመጨረሻውን ጥይት የሚተኩሰው አትራክታስፒስ የሚባለው ከመሬት በታች የሚኖር እባብ ነው። ትንሽ፣ ጠቆር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጭንቅላቱና አንገቱ አንድ ወጥ፣ ዓይኑ ኢምንት። ዝናብ ካባራ በኋላ ማታ ብቅ ይላል። ማንም ሲያየው ትል የሚያህል ምስኪን ነው ብሎ ያነሣዋል። ይህ እባብ አፉን ሳይከፍት ጥርሱን በጎን አውጥቶ ይወጋል፤ ስለዚህ ከጭንቅላቱ ኋላ ጨብጦ መያዝ የሚባለው የእባብ ያዦች ዘዴ በእሱ ላይ አይሠራም። ከዚህ ምዕራፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ካለ ይህችን ይያዝ፦ እባብ የሚለየው በዓይን ነው፣ በእጅ አይደለም።

ቀለም ለምን ይዋሻል?

አንድ ዓይነት እባብ እንደየአገሩ አፈር ይለያያል። ፓፍ አደር በአንድ ቦታ ቢጫ፣ በሌላው ግራጫ፣ በሌላው ጥቁር ሊመስል ይችላል። ግልገሉ ከእናቱ የተለየ ጥለት ሊኖረው ይችላል። በዚያ ላይ ማንኛውም እባብ ቆዳውን ሊጥል ሲቃረብ ቀለሙ ይፈዛል፣ ዓይኑም ወተት የተቀላቀለበት ሰማያዊ ይሆናል፤ ያን ሰሞን ያየው ሰው «የታወረ ነጭ እባብ» አየሁ ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። ጭቃ አለ፣ አቧራ አለ፣ የማታ ብርሃን አለ። ጋቢው ነጭ ነበር የሚለው ምስክርነት ይህን ያህል ነው።

የቤተ መዘክር ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ቀለም አይቆጥሩም፤ ቅርፊት ይቆጥራሉ። በወገቡ ዙሪያ ስንት ረድፍ፣ በሆዱ ስንት ሰፊ ቅርፊት፣ ከጅራቱ ሥር ስንት እያሉ። የዚህ ሥራ ታሪክ ከእኛው አካባቢ ጋር ያልተጠበቀ ዝምድና አለው። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ከዙላ ጠረፍ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲዘምት ዊሊያም ብላንፎርድ የሚባል የሥነ ምድር ሊቅ አብሮ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን በሠዉበት ዘመቻ መካከል ሰውየው ድንጋይ፣ ወፍ፣ አራዊትና ተሳቢ እንስሳት እየሰበሰበ ይመዘግብ ነበር፤ ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1870 በመጽሐፍ አወጣው። ከአምባው የተዘረፈውን የብራና ክምር ስናስብ፣ በዚያው ጓዝ መካከል የእንስሳት ናሙናም እንደነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ቆጠራውም ቢሆን ያለ ቦታና ያለ ምስል ይስታል። የኢትዮጵያ የተራራ እፉኝት ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ቦመ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተገኘ አንድ ናሙና ይዞ ገለጸው። ከባሌ ተራሮች አካባቢ የተሰበሰበ ሌላ እፉኝት ደግሞ በዚሁ ስም ለረጅም ዓመታት በቤተ መዘክር ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2013 በሐረና ጫካ አንድ በሕይወት ያለ እፉኝት ፎቶ ተነሣ፤ አልተያዘም፣ አልተገደለም። ፎቶውና አሮጌው ናሙና ጎን ለጎን ሲታዩ ሁለቱም ከተራራው እፉኝት የተለዩ ሆነው ተገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ ዝርያ ተብሎ በሐረና ስም ተሰየመ። መንገድ ላይ የተነሣ ፎቶ ለብዙ ዓመታት የቆየ ስሕተትን አስተካከለ ማለት ነው። የምዕራብ ወሎ ገደላ ገደል እስካሁን በአግባቡ አልተፈተሸም፤ በኪሳችሁ ያለው ስልክ ለሳይንስ ሊውል የሚችል መሣሪያ ነው።

ደገኛው በሰሊጥ እርሻ

የማጥበብ ዘዴ አንድ አደጋ አለው፤ ሰው አገር ሲቀይር ካርታውን ይዞ አይሄድም። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ከአማራ ደጋዎች፣ ከወሎም ጭምር፣ ብዙ ወጣት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳል። በተወለደበት ደጋ ያያቸው እባቦች ጥቂትና በአብዛኛው ምንም የማያደርሱ ናቸው። እዚያ ግን አጎንብሶ ያጭዳል፣ ነዶ በባዶ እጁ ያነሣል፣ መሬት ላይ ያድራል፤ ማታ የሚወጣው ደግሞ ጎኑን እያፋተገ የሚንሾካሾከው የቆላ እፉኝት ነው። ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ መርዙ ግን ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። በአብዱራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው ድርጅት ከካላዛር ሕሙማን ጋር በእባብ የተነደፉ የቀን ሠራተኞችን ሲያክም የቆየው ለዚህ ነው። ልጁን ወደ ቆላ የሚሸኝ አባት ከስንቁ ጋር ባትሪና ቦት ጫማ ቢጨምርለት፣ ከመሬት ከፍ ያለ መኝታ እንዲሠራም ቢመክረው ትልቅ ነገር አደረገለት።

እንዴት እንፈልገው?

ለማየት የሚወጣ ሰው ጥቂት ነገር ይበቃዋል፦ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ረጅም በትር፣ ቢገኝ ባይኖኩላር። በትሩ ለመምታት አይደለም፤ ከፊት ያለውን ሣር ለመንካትና መሬቱን ለማንኳኳት ነው። እባብ የውጭ ጆሮ ባይኖረውም የመሬትን ንዝረት በደንብ ይሰማል።

ደጋ ላይ የሚታየው ጠዋት ፀሐይ የሚመታው የእርከን ካብ ነው፤ አይጥ ካለበት ካብ እባብ አይጠፋም። እጅን ወደማይታይ ጉድጓድ አለማስገባት፣ ግንድ ተሻግሮ ሳያዩ አለመርገጥ የግድ ነው። ወፎችን አድምጡ፤ ትናንሽ ወፎች አንድ ቁጥቋጦ ላይ ተሰብስበው ወደ ታች እያዩ ከተንጫጩ እዚያ ወይ ድመት፣ ወይ ጭልፊት፣ ወይ እባብ አለ። እባቡ ሄዶ ቆዳው ብቻ ቢገኝም ዋጋ አለው። የተጣለ ቆዳ ቀለም የለውም፣ ቅርፊቱ ግን በሙሉ አለ፤ በእያንዳንዱ የጀርባ ቅርፊት መካከል የምትሄድ ትንሽ ሸንተረር ካለች ሻካራ ነው ማለት ነው፣ ፓፍ አደርን ጨምሮ የብዙ እፉኝቶች ምልክት። ከሌለች ለስላሳ ነው፤ የቤት እባብና ኮብራ ከዚህ ወገን ናቸው። የሌሊት ጉዞ በባትሪ ብቻ ነው፤ ያለ ባትሪ አይሞከርም።

መርዙ ራሱ ሲናገር

እባቡ ሳይታይ ቢነድፍስ? ሐኪሙም የሚጠቀመው የአዛውንቱን ዘዴ ነው፤ የእባቡን መልክ ሳይሆን አድራጎቱን ያያል። ያበጠ፣ የቆሰለ፣ ከድድ የሚደማ ከሆነ ነገሩ ወደ እፉኝት ያጋድላል። የዓይን ሽፋን ከወደቀ፣ ምላስ ከተሳሰረ፣ ትንፋሽ ካጠረ መርዙ ነርቭ ላይ የሚሠራ ነው፤ ኮብራ ይጠረጠራል። ቀላል ምርመራም አለ። ትንሽ ደም በንጹሕና ደረቅ ብርጭቆ ቱቦ ተቀድቶ ሳይነካ 20 ደቂቃ ይቆያል፤ ቱቦው ሲዘቀዘቅ ደሙ ካልረጋ መርዙ ደም አርጊውን ንጥረ ነገር አጥፍቶታል ማለት ነው። ብዙዎቹ ፀረ መርዝ መድኃኒቶች ለአንድ ሳይሆን ለበርካታ ዝርያዎች የተዘጋጁ ስለሆኑ ሐኪሙ የእባቡን ሬሳ አይፈልግም። እባቡን ለመግደል ሲሮጡ ሁለተኛ ሰው መነደፉ የተለመደ ነው፤ የተቆረጠ ጭንቅላትም ለተወሰነ ጊዜ ይነድፋል።

ባህላዊ መድኃኒት ያዳነው ሰው ብዙ የሆነበት ምክንያትም ከዚሁ ይገኛል። ከሚያጋጥሙን እባቦች ብዙዎቹ መርዝ የላቸውም፤ ያላቸውም ሲነድፉ ሁልጊዜ አይለቁም። ያ ሰው ምንም ባይደረግለት ይድን ነበር፤ ምስጋናው ግን ለሥሩ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ መርዝን ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ በዓመት ከ81000 እስከ 138000 ሰው እንደሚሞትበት ይገምታል። ከሞቱ ብዙው በመዘግየት የሚመጣ ነው። ስለዚህ አይበጣ፣ አይመጠጥ፣ በገመድ አይታሰር። ቀለበት፣ አምባርና አልቦ እብጠት ሳይቀድም ይውለቅ። የተነደፈው ሰው አይራመድ፤ መንቀሳቀስ መርዙን ያሰራጫል። ጸሎቱም ዱዓውም በመንገድ ላይ ይደረስ።

ከቤታችሁ ቅርብ የሆነው ጤና ጣቢያ ፀረ መርዝ የሚያገኘው ከየት እንደሆነ፣ ሕመምተኛ ወደየትኛው ሆስፒታል እንደሚልክ ዛሬ፣ ማንም ሳይነደፍ ጠይቃችሁ እወቁ። እባቡ ከታየ ቢያንስ ከአምስት ሜትር ርቀት ፎቶ አንሡት፤ ቦታውንና ሰዓቱን ጻፉ፤ መንገዱን ልቀቁለት። ሰው ከተነደፈ ግን ፎቶውም ይቅር፤ ቃሬዛውን አንሡ።